ጥቁሯ ላም መሐን አይደለችም

የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ የአጎቷን ግቢ በር ስትገፋ፣ ባለሉካንዳው ጥቁሯን ላም እየጎተተ ሊወጣ ሲል ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ላሚቱ አልራመድም ብላ አራት እግሯን ተክላለች። አጎትየው ከኋላ ይገፋሉ።

ልጅቷ ባለፈው ሳምንት ከዚህችው ላም ደም ቀድታ ወደ ላቦራቶሪ ስትልክ፣ ውጤቱ ሳይመጣ እንዳይሸጧት ለምናቸው፣ እሺ ብለዋት ነበር። ለካ እሺታው አፏን ማዘጊያ ኖሯል።

«ጋሼ፣ አሁን ደውለው ነገሩኝ። ከብዳለች» አለች፣ በሩን በጀርባዋ ዘግታ።

«ማን? ይቺ መሐን?»

አጎትየው ከከብት ጋር ያረጁ ሰው ናቸው። የላም ጎን ዳሰው ያሉት ነገር ውልፍት አይልም ብለው ያምናሉ፤ ሰፈሩም አብሯቸው አምኗል። አዋቂ የሚል ስም የወጣለት ሰው ራሱን መመርመር ይተዋል፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ከጅራት ሥር የተቀዳ ደም የሆድን ነገር ከየት አባቱ ያውቃል ብለው ተሳለቁባት። ልጅቷ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ትንፋሿን ሰብስባ አስረዳቻቸው። ላም ስትፀንስ እንግዴ ልጁ የራሱን ፕሮቲን ይሠራል፤ እሱም ወደ እናቲቱ ደም ይገባል፤ ከተዳቀለች ወር ካለፋት በኋላ በምርመራ ይገኛል። ሆዷ እስኪገፋ መጠበቅ የለም።

«ትናንት ኮርማ ፈልጋ ስትጮህ ዋለች እኮ! እርጉዝ ላም ኮርማ ትፈልጋለች እንዴ?»

«አንዳንዷ ትፈልጋለች፣ ጋሼ። የሚያሳስትዎት እሱ ነው።»

«እኔን? አንቺ ሳትወለጂ ስንት ላም አዋልጃለሁ!»

«ያዋለዷቸውንማ ያውቃሉ። መሐን ናቸው ብለው የሸጧቸውን ግን ማን ከፍቶ አሳየዎት?»

አጎትየው በንዴት ወደ ባለሉካንዳው ዞሩ። «እስቲ አንተ ንገራት። ከእኔ ከገዛሃቸው አንዷ እንኳ ከብዳ ታውቃለች?»

ባለሉካንዳው ጫማውን ያይ ጀመር።

«የባለፈው ክረምቷ ነበራት» አለ። «ድመት የምታክል ጥጃ። ምን ብዬ ልንገርዎት? ይቆጣሉ ብዬ ዝም አልኩ።»

የአጎትየው እጅ የላሚቱ ወገብ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ገመዱን ከባለሉካንዳው ተቀበሉና ላሚቱን ራሳቸው ወደ ጋጣዋ መለሱ።

ሲመለሱ ልጅቷ የቀረውን ነገረቻቸው። የከበደችው ቀድማ ከታወቀች ከቢላ ትተርፋለች፤ ባዶ ናት ተብላ ዳግም ተዳቅላ ከመጨንገፍም ትድናለች። ባዶዋ ደግሞ ወራት ሳታባክን በጊዜ ትዳቀላለች፤ ወተቱም ጥጃውም አይዘገይም። ፅንስ መሀል ላይ ሊወርድ ስለሚችል ምርመራው ቆይቶ ይደገማል፤ በቅርቡ የወለደች ላም ግን የፊተኛው እርግዝና ፕሮቲን ከደሟ እስኪጠፋ ትጠብቃለች።

አጎትየው ሁሉንም አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ከዚያ የሌሎቹንም ላሞች ደም እንድትቀዳ አዘዟትና የአንዷን ጅራት ራሳቸው ይዘው ቆሙ።

«እኔ የምልሽ፣» አሏት ቅር ብሏቸው፣ «እንዲህ ያለ ነገር እያለ እስከ ዛሬ ዝም ትይኛለሽ?»

ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ መርፌዋን አወጣች።