የኦቦ ሞቱማ ክንድና የልጂቱ ቀበቶ

ኦቦ ሞቱማ ተቆጥተው ከቤት በወጡበት ቀን መኪና የተባለ ሁሉ አድሞባቸው ነበር። ፒካፓቸው ጋራዥ ገብታለች፤ ከሱሉልታ የሚነሡት ሚኒባሶች ጢም ብለው ሞልተው ያልፋሉ፤ እሳቸው ደግሞ አምስት ሊትር ወተት በቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው ቡራዩ፣ እኅታቸው ተረፈች ቤት መድረስ አለባቸው። ወተቱ እንኳ ሰበብ ነው። ዋናው ጉዳይ «እሑድ በልጅ ልጄ ክርስትና ላይ አልገኝም» ብለው ለእኅታቸው ሊነግሩ ነበር። እንዲህ ያለ ቃል በስልክ ከተናገሩት ክብደት የለውም።

አንዲት ነጭ ቪትዝ አልፋቸው ከሄደች በኋላ ቆመችና ወደ ኋላ ተመለሰች። የምትነዳው የጎረቤታቸው የአቶ ወርቁ ልጅ ትጊ ናት። ቡራዩ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ጥገና ታስተምራለች።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ሞቱማ! ወዴት ነዎት?»

«ነጋ፣ ኢንተላ ኮ። ደኅና ነኝ፣ ልጄ። ቡራዩ ልሄድ ነበር፤ መኪናው እምቢ አለኝ እንጂ።»

«እኔም ወደዚያው ነኝ፤ ይግቡ።»

ኦቦ ሞቱማ ጋቢና ገቡ። ጀሪካኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፤ ቀበቶውን ሳብ አደረጉና እንደ ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አሉ።

«ቀጭ ሲል ልስማ ብዬ ነው።»

«ትራፊክ የሚያየው ትከሻን ነው፤ ታችውን ማን ያየዋል?»

«ቀበቶው ለትራፊኩ የተሠራ መሰለዎት? ለእርስዎ እኮ ነው።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ቆለፉት። አይፈረድባቸውም። ስንቱ የተማረ ሰው ነው ቀበቶን ፍተሻ ጋ ሲደርስ ለብሶ ፍተሻውን ሲያልፍ የሚያወልቀው! ጭራሽ መኪናው እየጮኸ እንዳያስቸግረው ቀበቶውን ከጀርባው አዙሮ የሚቆልፍ አለ። ትጊ ግን በዚህም አልበቃትም።

«ሆድዎ ላይ አይሁን፤ ዝቅ አድርገው ዳሌዎ አጥንት ላይ ያሳርፉት። የላዩ ደግሞ በደረትዎ አልፎ ትከሻዎ ላይ ይዋል፤ በብብትዎ ሥር ከዋለ የጎድን አጥንት ይሰብራል።»

«አንቺም እንደ ምራቴ ጀመርሽኝ!» አሉና በዚያው የሆዳቸውን ዘረገፉት። «ልጄ ዲሪባ መኪና ሲገዛ ቀይ የወንበር ልብስ አሰፍቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቢያዩት ወንበር አይመስልም፣ አልጋ ነው! እሑድ ደግሞ ልጂቱ፣ ጂጂ፣ ሰማንያ ቀኗ ነው። ከሰበታ እስከዚህ እስከ ደብራችን ድረስ ጋቢና ተቀምጬ በክንዴ ታቅፌ ላመጣት ነበር ሐሳቤ። ሌሎቹን የልጅ ልጆቼን ሁሉ እንደዚያ ነው ያመጣኋቸው። ትናንት ሚስቱ ቤተልሄም ደወለችና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹አባባ፣ ጂጂ ኋላ በራሷ መቀመጫ ታስራ ነው የምትመጣው፤ የወንበሩም ልብስ የቀበቶውን መቆለፊያ ስለሸፈነው መውለቅ አለበት።› ልጂቱን ከክንዴ፣ ስጦታዬን ከወንበሩ! በአንድ ስልክ!»

ትጊ አልሳቀችም። የተቆጣ ሽማግሌ ላይ መሳቅ ነገር ማክረር እንደሆነ ታውቃለች።

«ኦቦ ሞቱማ፣ ቅር ባይልዎ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፒካፕዎ ላይ የወተት ጀሪካኖቹን በገመድ የሚያስሩት ለምንድን ነው?»

«ይገለበጣላ!» አሉና ወዲያው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው። ኦቦ ሞቱማ በነገር የሚቀደሙ ሰው አይደሉም። «አይምሰልሽ! ወተት አቃፊ የለውም፤ ልጅ ግን አያት አላት። ይህን ክንድ ታዪዋለሽ? ወይፈን ያቆመ ክንድ ነው። ካላመንሽ ፈትኚኝ!»

«ልፈትንዎት?»

«ፈትኚኝ እንጂ!»

ትጊ ከአስፋልቱ ወጣች። አጠገቡ ለግንባታ ተደልድሎ ሰውም ከብትም የሌለበት ሰፊ ሜዳ ነበር። «ጂጂ ስንት ኪሎ ሆነች?» ብላ ጠየቀች።

«አምስት ሞልታለች ብለውኛል።»

«እንግዲያው ጀሪካኑና ጂጂ እኩል ናቸው። እንደ ሕፃን ይቀፉት። ፍሬን የምይዝበትን ሰዓት ግን አልነግርዎትም።»

ኦቦ ሞቱማ ጀሪካኑን ታቀፉ። መኪናዋ ሜዳውን ቀስ ብላ መዞር ጀመረች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። እሳቸውም ዝም ብሎ መቀመጥ ሲሰለቻቸው የወይፈኑን ታሪክ ጀመሩ። «ያ ዳለቻ ወይፈን የዚያን ዕለት ገመዱን በጥሶ ሲመጣ፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ በአንድ እጄ ቀንዱን...»

ትጊ ፍሬኑን ረገጠችው።

ቀበቶው ኦቦ ሞቱማን ባሉበት ጠብቆ ያዛቸው። ጀሪካኑ ግን ከጭናቸው ተስፈንጥሮ ዳሽቦርዱን መታና እግራቸው ሥር ወደቀ፤ ክዳኑ ተፈናቀለ፣ ወተቱም ጫማቸው ላይ ተንዶለዶለ። ሽማግሌው ባዶ ክንዳቸውን እንደታቀፉ ቀሩ።

«አልተዘጋጀሁም ነበር!» አሉ ጀሪካኑን ብድግ አድርገው ክዳኑን እየመለሱ።

«አደጋስ ተዘጋጁ ብሎ ይመጣል?»

«ድገሚው!»

ደገመችው። በዚህኛው ጊዜ ኦቦ ሞቱማ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ጎደሎውን ጀሪካን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ጠበቁ። ፍሬኑ ተያዘ፤ ጀሪካኑ አልወደቀም።

«ይኸው!» አሉ በድል አድራጊነት።

«እውነት ነው፣ ይዘውታል፤ አልዋሽዎትም» አለች ትጊ። «ይህ ግን ፍሬን ብቻ ነው፤ ያውም በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት። ግጭት ሌላ ነው። በሃምሳ የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ቢላተም፣ አምስት ኪሎዋ ልጅ ለዚያች ቅጽበት ኩንታል ትሆናለች፤ እንዲያውም ትበልጣለች። በጉልምስናዎ ኩንታል ተሸክመው ያውቃሉ?»

«ስንቴ!»

«የተወረወረ ኩንታል ቀልበውስ ያውቃሉ?»

ኦቦ ሞቱማ ትከሻቸውን ዳሰሱ። ኩንታልን በደንብ ያውቁታል። ጀርባ ላይ ሲጭኑት እንኳ ሁለት ሰው ያግዛል። ተወርውሮ ቢመጣ ክንድ ይሰብራል እንጂ በክንድ አይያዝም።

ነገር ግን እጃቸውን ቶሎ አልሰጡም። «ያ ኤርባግ የሚሉትስ? ዲሪባ ነግሮኛል፤ ግጭት ሲመጣ ትራስ ሆኖ ይቀበላል ብሎ።»

«ለእርስዎ ትራስ ነው፤ እሱም ቀበቶ አስረው፣ ከዳሽቦርዱ ራቅ ብለው ከተቀመጡ። ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ነው ፈንድቶ የሚወጣው። በእርስዎና በዳሽቦርዱ መካከል ጂጂ ካለች ግን መጀመሪያ የሚመታው እሷን ነው፤ ጭንቅላቷን። ለዚህ ነው የሕፃን መቀመጫ ኤርባግ ፊት፣ ጋቢና ላይ የማይደረገው። እሷንና እርስዎን በአንድ ቀበቶ ማሰር ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ በእርስዎ ክብደትና በቀበቶው መካከል ትጨፈለቃለች።»

ኦቦ ሞቱማ ጀሪካኑ የመታውን ቦታ አዩ። ወተቱ ገና ይንጠባጠብ ነበር። ኤርባግ የሚለው ጽሑፍ ከዚያው በላይ ነው።

«የሚጠብቅስ እግዚአብሔር ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ወርዷል።

«አሜን። በረትዎን ማታ ከጅብ የሚዘጉት እሱን ተጠራጥረው ነው?»

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። ወደ አስፋልቱ ተመልሰው እንጦጦን መውጣት ሲጀምሩ እውነተኛው ነገር ወጣ።

«እኔ እኮ አርጅቻለሁ፣ ልጄ። ከጂጂ በኋላ የማቅፈው የልጅ ልጅ ይኑር አይኑር አላውቅም። አያቷ ይዟት መጣ መባሉ ቀርቶ ዕቃ ይዟት መጣ ሊባል ነው? ይህ ነው የከፋኝ።»

ትጊም አዘነች። ክርክሩ ስለ ቀበቶ ብቻ እንዳልነበረ የገባት አሁን ነው። «ኦቦ ሞቱማ» አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ «መቀመጫው እስከ ደብሩ በር ድረስ ብቻ ነው የሚይዛት። እርስዎ ኋላ አጠገቧ ይቀመጡ፤ እጇን ይያዟት። ከመኪናው አውርዶ ሕዝቡ ፊት ይዟት የሚገባው ግን ማን ነው? መቀመጫው ነው?»

ኦቦ ሞቱማ ይህን ደጋግመው አሰቡት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው፤ አንድ ቀን ጋቢና ለመኩራት ልጂቱን ለማጣት መሽቀዳደም! ከዚያ በኋላ እስከ ቡራዩ ድረስ ጠያቂው እሳቸው ሆኑ። ለምን ፊቷ ወደ ኋላ ይዞራል? አንገቷ ገና ስላልጠና፣ ግጭት ቢመጣ ጀርባዋና ጭንቅላቷ አብረው እንዲደገፉ። ማሰሪያው ምን ያህል ይጥበቅ? ከትከሻዋ ሥር አንድ ጣት ብቻ እስኪያስገባ። ብርድ ልብሱስ? መጀመሪያ ልጂቱ ትታሰራለች፣ ብርድ ልብሱ ከላይ ይደረባል፤ ከሥር ከገባ ማሰሪያው የጠበቀ ይመስላል እንጂ ላልቷል። ስታድግስ? የትልቅ ሰው ቀበቶ ዳሌዋና ትከሻዋ ላይ በልኩ እስኪውል ድረስ በየዕድሜዋ መቀመጫ አላት፤ አንገቷን የሚያንቃት ከሆነ ገና ነው።

ተረፈች የጎደለውን ጀሪካን አይታ «ይህ ወተት የት ሄደ?» ብትላቸው፣ «ትምህርት ቤት ከፍዬበት ነው» አሉ። ስለ ክርስትናው መቅረት ቃል አልተነፈሱም።

እሑድ ማለዳ ኦቦ ሞቱማ ሰበታ ተገኙ። ክርስትና እናቷ ወይዘሮ ያለምወርቅ ቀደም ብለው ጋቢና ገብተው ክንዳቸውን ዘርግተዋል። «ሕፃኗን አምጡልኝ፣ ረፈደብን!»

ቤተልሄም ጂጂን ታቅፋ ከኋላው በር አጠገብ ቆማ ነበር። የሕፃኗ መቀመጫ በቀዩ የወንበር ልብስ ላይ ተቀምጧል። ኦቦ ሞቱማ በጣታቸው ነካ ቢያደርጉት ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። በምንም አልታሰረም።

«ለምን አላሰራችሁትም?» አሉ።

ቤተልሄም አንገቷን ደፋች። «ልብሱን ‹አባባ ናቸው የሰጡን፣ ካወለቅነው ይቀየሙናል› ብለን ተውነው። ለዛሬ ቀስ ብለን እንነዳለን ብለን ነው።»

ኦቦ ሞቱማ ደነገጡ። ልብስ ሰፊው የኋላውን ወንበር ልብስ ከዳር እስከ ዳር ሰፍቶ መቆለፊያዎቹን ሁሉ ቀብሯቸዋል፤ ልጂቱንም ሳትታሰር ልትሄድ ያደረጋት የሳቸው ኩርፊያ ነው። ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡ።

«አባባ! ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ ዲሪባ።

ሽማግሌው ወደ ኋላው ወንበር ጎንበስ አሉ። ቀዩን ልብስ ትርትር አድርገው ቀደዱት፤ በሦስት ቦታ፣ ሦስት መቆለፊያ እስኪወጣ ድረስ። አቧራውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ። ዲሪባ መቀመጫውን በቀበቶው አጥብቆ አሰረ፤ ቤተልሄም ጂጂን አስቀመጠች፤ ሽማግሌውም በማሰሪያው ሥር ጣታቸውን አስገብተው ሞከሩና ብርድ ልብሱን ከላይ ደረቡላት።

«እኔ ክርስትና እናቷ እያለሁ?» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

«ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ የተወረወረ ኩንታል ቀልበው ያውቃሉ?» አሉ ኦቦ ሞቱማ፤ ቀበቶው ዝቅ ብሎ ዳሌ ላይ እንደሚውልም ነግረው፣ የአራቱም ትልልቅ ሰዎች ቀበቶ ቀጭ እስኪል ድረስ ዲሪባ መኪናውን እንዲያስነሣ አልፈቀዱም።

እንጦጦን አልፈው ወደ ሱሉልታ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከፊታቸው የነበረ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሊጭን መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ዲሪባ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። ሁሉም ወደፊት ተወርውረው ቀበቶው መለሳቸው። የኦቦ ሞቱማም ቀኝ ክንድ ማንም ሳያዘው ወደ ጂጂ ተወረወረ።

ክንዱ ጂጂ ጋ የደረሰው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። ልጂቱ ከእንቅልፏ እንኳ አልነቃችም።

ሽማግሌው ያን ወይፈን ያቆመ ክንድ አዩት። ፍቅር አላነሰውም፣ ጉልበትም አላነሰውም፤ ዘገየ እንጂ። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች እንዲህ ላለው ጊዜ ኖሯል። ቀበቶ ሳይጠሩት ቀድሞ እዚያው ይገኛል፤ ወላጅን ለልጁ፣ ልጅን ለወላጁ ያቆያል፤ ዋጋውም አንድ ቀጭ የምትል ድምፅ ናት።

ደብሩ በር ላይ ማሰሪያውን ራሳቸው ፈቱና ጂጂን ታቀፉ። ዘመድ አዝማዱ እልል አለ። አንድ የአገር ሰው በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አይቶ «ውይ! ያን የመሰለ የወንበር ልብስ ማን ነው እንዲህ የቀደደው?» አለ።

«እኔ ነኝ!» አሉ ኦቦ ሞቱማ፣ ልጂቱን ከፍ አድርገው ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየገቡ። ሲያሰፉት እንኳ እንደዚያ አልኮሩበትም ነበር።