ዳኛው ከጤና ጣቢያው ጀርባ

(ደብረ ብርሃን፣ ዝናባማ ቅዳሜ ከሰዓት፤ መጠጥ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች በሚሰበሰቡባት የጤና ጣቢያው የጀርባ ክፍል የቀድሞዋ አረቄ ሻጭ ወይዘሮ በለጥሻቸው ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ጡረተኛው ዳኛ አቶ ወንድይፍራው በሩ ላይ ቆመዋል።)

ወንድይፍራው፦ አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ልታደርጊ? አረቄ ልትሸጪ ነው?

በለጥሻቸው፦ ልሰበሰብ። እርስዎስ፣ ክቡር ዳኛ? መንገድ ጠፍቶብዎት ነው?

ወንድይፍራው፦ ሰብሳቢውን ጥሪልኝ።

በለጥሻቸው፦ ጠርተውኛል። አቤት!

ወንድይፍራው፦ አትቀልጂ! ነርሷ «ብዙ ሰዎች አሉ» ብላኝ ነው የመጣሁት። የታሉ?

በለጥሻቸው፦ ዝናቡን አይተው ቀሩ። ሰርግ የተጠሩም አሉ፤ እነሱን እንኳ በደህና ይመልሳቸው።

ወንድይፍራው፦ እንግዲያው ስብሰባ የለም።

በለጥሻቸው፦ ሁለት ሰው አለ እኮ።

ወንድይፍራው፦ ከአንቺ ጋር? ያን ሁሉ ዘመን ስትግቺኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ደግሞ መካሪ ልትሆኚ? ይሄ ነበር የቀረኝ!

በለጥሻቸው፦ አፍዎን ፈልቅቄ አልጋትኩዎትም። በጓዳ በር እየተሹለከለኩ የሚገቡት እርስዎ ነበሩ። አናጢውና ሸማኔው እንኳ በፊት ለፊት ነበር የሚገቡት።

ወንድይፍራው፦ እኔ ስም ያለኝ ሰው ነኝ!

በለጥሻቸው፦ ስምዎንማ ተሸክሜ እስከ አጥርዎ ስንቴ አድርሼዋለሁ። ከባድ ነው።

ወንድይፍራው፦ ባለጌ!

በለጥሻቸው፦ ቁጭ ብለው ይስደቡኝ። ቆመው ሲሳደቡ እግርዎ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ወንድይፍራው፦ ብርዱ ነው።

በለጥሻቸው፦ ይሁን፣ ብርዱ ነው። ቦታውን እንዴት አገኙት?

ወንድይፍራው፦ ምን አገባሽ!

በለጥሻቸው፦ ዘበኛው ፊት የማይዋሽ ስለሌለ ነው። አንዱ «ሽንት ቤት የት ነው» ብሎ ነው የገባው።

ወንድይፍራው፦ እኔ የስኳር ሕሙማን ስብሰባ ነው ያልኩት።

በለጥሻቸው፦ እሱስ?

ወንድይፍራው፦ «የሰካራሞቹን ነው፣ ጌታዬ? በጀርባ ይዙሩ» አለኝ። እኔን! ፊቴ ላይ ተጽፏል እንዴ?

በለጥሻቸው፦ አፍንጫዎ ላይ። በሉ ይንገሩኝ፣ ማን ላከዎት?

ወንድይፍራው፦ ማንም አልላከኝም። ያንቺ ቢጤዎች እንዴት እንደሚኖሩ ላይ ነው።

በለጥሻቸው፦ እንግዲህ አዩን።

ወንድይፍራው፦ ... ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር።

በለጥሻቸው፦ ሰናይትን? እሰይ!

ወንድይፍራው፦ ምኑን እሰይ! የተከበሩ ሰዎች፣ ነጫጭ ለብሰው። «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ጀመሩ። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ስጠጣ ነበር።

በለጥሻቸው፦ ከዚያስ?

ወንድይፍራው፦ ፈረድኩባቸው።

በለጥሻቸው፦ ምን አደረጉ?

ወንድይፍራው፦ ችሎት ላይ ያለሁ መሰለኝ። «ተከሳሾች ተነሡ!» አልኩ። የምመርቃቸው መስሏቸው ተነሡ። ሁሉም ላይ ጽኑ እስራት ፈረድኩ።

በለጥሻቸው፦ ውይ... ይቅር ይበሉኝ፣ ሳቄ አመለጠኝ።

ወንድይፍራው፦ ሳቂ። እነሱም መጀመሪያ ስቀዋል። ሰናይት ግን እጄን ይዛ «አባዬ፣ በእናቴ አፈር ቁጭ በል» ስትለኝ፣ «ፖሊስ! ይህችን ሴትዮ አስወጣልኝ» አልኩ።

በለጥሻቸው፦ ልጅዎን?

ወንድይፍራው፦ አላወቅኳትም። እሷም ወጣች፤ ፖሊስ አላስፈለጋትም። አሁን አጎቷ ቤት ናት። ሽማግሌዎቹ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ አባት ሆኖ የሚቀበላቸው እሱ ነው። እኔ «ታሟል» ተብያለሁ።

በለጥሻቸው፦ ይሄን ለማን ነግረዋል?

ወንድይፍራው፦ ለማን እነግራለሁ? ለድመቷ?

በለጥሻቸው፦ ስብሰባው እኮ ይሄ ነው። ያደረጉትን ሳይሸፋፍኑ መናገር።

ወንድይፍራው፦ ይሄ ብቻ? ለዚህ ነው ዘበኛ የሰደበኝ?

በለጥሻቸው፦ ይሄ ብቻ ነው።

ወንድይፍራው፦ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሄድኩ። ደህና ሰዎች ሲኖሩ እመለሳለሁ፤ ካንቺ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥሜ አልቀመጥም።

በለጥሻቸው፦ መልካም። ይጠብቁኝ፣ አብረን እንውጣ።

ወንድይፍራው፦ አንቺ ደግሞ ወዴት?

በለጥሻቸው፦ ዘነበች ጋ።

ወንድይፍራው፦ ማናት?

በለጥሻቸው፦ ታናሽ እህቴ። እኔ አረቄ ቤቱን ስዘጋ ዕቃውን ሰብስባ ገበያው ጥግ ከፍታለች። የኔው ብርጭቆ፣ የኔው አግዳሚ።

ወንድይፍራው፦ ልትጠይቂያት ነው?

በለጥሻቸው፦ ልጠጣ ነው። አምሮቱ ከማለዳ ነው የተነሣብኝ። ሌሎቹ ሲመጡ ይበርድልኛል ብዬ እዚህ ስጠብቅ ዋልኩ፤ ማንም አልመጣም። ተስፋ ቆርጬ ልነሣ ስል እርስዎ ገቡ።

ወንድይፍራው፦ አንቺ? ሰብሳቢዋ?

በለጥሻቸው፦ ሰብሳቢዋ። እንደ እርስዎ ነጋ ጠባ ነው የምመኘው። እስቲ ዞር ይበሉ፣ ልውጣበት።

ወንድይፍራው፦ (በሩን በክንዳቸው ይዘጋሉ።)

በለጥሻቸው፦ በሩን ይልቀቁልኛ፣ ክቡር ዳኛ!

ወንድይፍራው፦ አልለቅም። ይቀመጡ፣ ወይዘሮ በለጥሻቸው። እኔም እቀመጣለሁ።