የራስ ድምፅ የማን ነው?

ትምህርቴን ውጭ አገር ጨርሼ ከተመለስኩ ሦስት ወር ገደማ ሆኖኝ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ እያለሁ የሱሪዬ ዚፕ ተበላሸና፣ ቦርሳዬን ከፊቴ አስቀድሜ መጀመሪያ ያገኘሁት ልብስ ስፌት ቤት ዘው አልኩ። ባለቤቱ ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ሜትር ባንገታቸው ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። ቦርሳዬን አዩ፤ ፊቴን አዩ፤ ምንም ሳይጠይቁ ጥግ ላይ ያለውን መጋረጃ አመለከቱኝ። ሱሪዬን በመጋረጃው ሥር አቀበልኳቸውና በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እንግዲህ ከዚህ በታች የምተርከውን ክርክር የሰማሁት ያለ ሱሪ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ገባች።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«ዋልን። የት ጠፍተሽ ነው?»

«የዘፈን አስተማሪዋ ዘንድ። የራስ ድምፅ ስለማመድ ቆየሁ።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

«ምን አልሽ? የራስሽን ድምፅ? እኔ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩትን ድምፅ ያቺ ሴትዮ ናት የምታስተምርሽ? ነገ ደግሞ በራስሽ እግር መራመድ ታስተምርሽ!»

«ጋሼ ደግሞ! የራሴ ማለቴ እኮ አይደለም። ራስ ነው፤ ይኼ ጭንቅላት።»

«ባሰ! ሰው በጭንቅላቱ ያስባል እንጂ ይዘፍናል እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ሁለቱም ወደ መጋረጃው ዞሩ መሰለኝ፤ አፌን በእጄ ከደንኩ።

ከንግግራቸው እንደተረዳሁት ልጅቱ የእህታቸው ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው በሙዚቃ ጓድ ውስጥ ይዘፍኑ ስለነበር ሠፈሩ እስከ ዛሬ «ጋሼ ነጎድጓድ» ይላቸዋል። የዛሬው ድምፃቸው ግን ብረት ላይ እንደሚሄድ ሞረድ የሻከረ ነበር። ልጅቱ በመጪው ቅዳሜ በከተማው የኅብረ ዝማሬ ቡድን ትፈተናለች። ከፍተኛውን ድምፅ ከሚዘፍኑት ሴቶች መካከል አንድ ቦታ ብቻ ተጓድሏል። ለፈተናው በተሰጣት ዘፈን ውስጥ ደግሞ ሽቅብ የሚወጣ አንድ ስንኝ አለ፤ ችግሩ ያለው እሱ ላይ ነው።

«እስቲ እኔ እንዳሳየሁሽ በዪው» አሉ። «ደረትሽን ሞልተሽ፣ ገፍተሽ!»

ልጅቱ ዘፈነች። ታችኛው ሞቅ ያለ፣ የሚያምር ነበር። ሽቅብ ስትወጣ ግን ድምፅዋ እንደ ደረቅ ጣውላ ተሰነጠቀና በሳል አለቀ።

«ፈራሽ! ብትገፊው ይወጣ ነበር።»

«ስገፋው ያመኛል ጋሼ። ጠዋት ስነሣ ድምፄ ተዘግቶ ነው የማገኘው።»

«ድምፅ በሕመም ነው የሚበረታው። እኔንስ አሞኝ የለ?»

«ከዚያስ?»

እጃቸውን ወደ ሱሪዬ መለሱ።

«ከዚያማ» አሉ፣ «ልብስ ሰፊ ሆንኩ።»

በክርክር ዓለም ይህን የመሰለ ሽንፈት ሰምቼ አላውቅም። ሰውየው ግን የሚረቱ አልነበሩም። «በይ ደግሞ የጭንቅላትሽን አሰሚኝ» አሏት። ያንኑ ስንኝ በቀጭኑ፣ በለሆሳስ አለችው። አልተሰነጠቀም፤ ነገር ግን ከመንገዱ የመኪና ጩኸት በላይ ለመሰማት የሚበቃ አልነበረም።

«በር የተዘጋባት የድመት ልጅ! ይኼ የተውሶ ድምፅ ነው፤ ያንቺ አይደለም። አንተ፣ እዚያ ውስጥ ያለኸው ልጅ! መሳቅ ብቻ ነው የምታውቀው? ተምረሃል?»

«ትንሽ ተምሬአለሁ አባት።»

«ምን?»

«ድልድይ መሥራት።»

«እንግዲያው እስቲ ፍረድ።»

ከውጭ ያመጣሁት እውቀት እዚህ ምን ያህል እንደሚሠራ እኔው ራሴ በጥርጣሬ የማድርበት ጊዜ ነበር። ቢሆንም የተጠየቀ የተማረ ሰው ዝም ማለት አይችልም። «አባት፣» አልኩ፣ «ስስ ሐር ሲመጣልዎት ጂንስ በሚሰፉበት መርፌ ይሰፉታል?»

«እቀይራለሁ እንጂ፤ ይቀደዳላ።»

«እሷም ለከፍታው ስንኝ መርፌ ቀየረች።»

«መርፌ ብቀይር ሰፊው እኔው ነኝ። እሷ የቀየረችው ሰፊውን ነው!»

ጥሩ መልስ ነበር። ድልድይ ሠሪውም ተረታ።

ጋሼ ነጎድጓድ ድል ባደረጉበት ሞቅታ ተነሥተው ማፌዝ ጀመሩ። «ሰው ይስቅብሻል የኔ ልጅ! እንደነዚያ እንደ ሴት ደንበኞቼ ነው የምትሆኚው» አሉና ድምፃቸውን አቅጥነው፣ «ዉይ ጋሼ! ወገቡን አጠበቡብኝ! ዉይ!» አሉ።

«እሱን!» ብላ ልጅቱ ብድግ አለች። «እሱን ይድገሙት!»

«ምኑን?»

«አሁን ያሉትን። ዉይ!»

«ትቀልጂብኛለሽ?»

«በእማዬ ይሁንብዎ፣ አንድ ጊዜ። ‹ዉ›ን ያርዝሙልኝ። እንደ ነፋስ ከላይ ወደ ታች ያንሸራትቱት። እንዳይጮኹ፤ በትንሹ።»

በእህታቸው ስለተለመኑ ነው መሰለኝ እሺ አሉ። በመጋረጃው ስንጥቅ አያቸዋለሁ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር፤ ግን ሞረዱ የለበትም። ከጣሪያው ሥር ተነሥቶ እንደ ክር እየተተረተረ ወረደ። እኔ በርጩማው ላይ ሆኜ ሱሪ አለመልበሴን ረሳሁ።

«አላመመኝም» አሉ እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው። «ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ደርሼ አላውቅም።»

«የት ተሰማዎት?»

ጣታቸው ወደ ደረታቸው ሄደ፤ ተመለሰ፤ ግንባራቸው ላይ አረፈ። «እዚህ። ንብ የገባበት ይመስላል።»

«ከማን ተዋሱት?»

«ከማን እዋሳለሁ? የኔው ነዋ!» አሉ ተቆጥተው። ያሉትን የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ሱሪዬን ያቀበለችኝ ልጅቱ ናት። ለብሼ ስወጣ ክርክሩ መልኩን ቀይሮ ነበር፤ አሁን ሽማግሌው የሚጠይቁት ለመርታት ሳይሆን ለማወቅ ነው።

«ይኼ ቀጭን ነገር አዳራሽ ይሞላል?»

«ገና ሕፃን ስለሆነ ነው ጋሼ። ሠርቶ የማያውቅ ጡንቻ ነው ትላለች አስተማሪዋ። በመግፋት ሳይሆን በመደጋገም ይበረታል። በቀን አሥር አሥር ደቂቃ፣ አፍ ዘግቶ እያንጎራጎሩ፣ ወይም እንደ ቅድሙ በ‹ዉ› እያንሸራተቱ። አገጭ ይላላል፤ ትከሻ አይነሣም። ካመመኝ ወዲያው አቆማለሁ።»

«የደረቱስ? ይጣል?»

«ለምን ይጣላል! ታችኛውን በደረት፣ ላይኛውን በራስ። መሸጋገሪያው ላይ አልታገልም፤ ቀለል አድርጌ አልፋለሁ። ሲውል ሲያድር ሁለቱ ይጋጠማሉ፤ ስፌቱ አይታይም።»

«ስፌቱ አይታይም?» አሉ፤ ቃሉ እንደጣማቸው ፊታቸው ነገረኝ። «ስፌቱ እንዳይታይ ማድረግ ግን ዓመታት ይፈጃል። ለቅዳሜ የቀረው አራት ቀን ነው። ቦታውን ብታጪስ?»

«ባጣ ድምፄን ይዤ እመለሳለሁ፤ እንደገናም እፈተናለሁ። ብገፋ ግን ቦታውንም ድምፄንም ላጣ እችላለሁ። ቆርጫለሁ ጋሼ። ግን ሳይመርቁኝ መሄድ አልፈልግም።»

ሰውየው ሜትራቸውን ካንገታቸው አውርደው ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት፤ ፈቱት።

«በሱ ዝፈኚ» አሉ። «መድኃኔ የሆነውን ነገር መርዝ ብዬ ልከለክልሽ ነበር።»

ቅዳሜ ዕለት ምን አገባኝ እያልኩም ወደ ፈተናው ሄድኩ። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋሼ ነጎድጓድን አገኘኋቸው፤ ፈተናው በተዘጋው በር ማዶ ተጀምሯል። ስንኙ ሲደርስ ክንዴን ጨበጡ። ድምፅዋ ወጣ፤ ቀጭን ነው፤ ሳይሰነጠቅ እላይ ቆየና በልኩ ወረደ። የቡድኑ መሪ በመጨረሻ የተናገሩትንም በበሩ ሥር ሰማን፦ «ድምፅሽ ገና ትንሽ ነው። ከዛሬዎቹ ተፈታኞች መካከል ግን ያልታገልሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ትግል የለመደን ድምፅ ማስተው ዓመት ይፈጅብናል፤ ያልተጎዳ ድምፅ ግን እኛ ዘንድ ያድጋል። ሰኞ ልምምድ ነይ።»

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ትምህርት ጥቅም በዘፋኝ ብቻ አይወሰንም። ቀኑን ሙሉ የሚጮኽ መምህር፣ ደንበኛ የሚጠራ ነጋዴ፣ ልጆች የምታሳድግ እናት፣ ሁላቸውም አንዱን ድምፅ እስኪያልቅ ይገፉታል፤ ሌላው ሳይነካ ይቀመጣል። ያወቀበት ጉሮሮው ይተርፋል፤ ከፍታው ይጨምራል፤ ዘፈኑም ከወጣትነቱ ጋር አያልፍበትም።

ልጅቱን ያስተማረቻት ሴት በኮሪደሩ መስኮት አጠገብ ቆማ ነበር። ጋሼ ነጎድጓድ ኮታቸውን አስተካክለው ወደሷ ሄዱ።

«እመቤት፣ ሳላውቅዎ ብዙ አምቼዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ አልሰማሁም፤ ስለዚህ አልቆጠርኩትም» አለች እየሳቀች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይኼ ነገር በኔ ዕድሜ ይጀመራል?»

ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። «በእርስዎ ዕድሜ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ቀድሞ የተጎዳውንም ሐኪም ሊያይልዎት ይገባል። ግን ይጀመራል። ሰኞ ይምጡ።»

«እስከ ሰኞ ምን ያስቀምጠኛል?»

«እንግዲያው ቀጥ ብለው ይቁሙ። ትከሻዎን ይልቀቁት።»

ሰው በሚተላለፍበት ኮሪደር መሐል፣ ሠፈሩ በነጎድጓድ የሚያውቃቸው ሰው ትከሻቸውን ለቀቁ።