ነጩንና ወርቃማውን ሩዝ ለየእሳቱ የለዩት የአቶ መዝገቡ ስብሐት ሕይወት

ሥራችሁን ትታችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ደጅ የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ አቶ መዝገቡ ስብሐት በዚህ ዓለም የኖሩትን ኑሮ ቤተሰባቸው በአጭሩ እንዲህ ያሰማችኋል።

አቶ መዝገቡ ከአባታቸው ከአቶ ስብሐት ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደሳለች ገብሬ በግንቦት ወር 1948 ዓ.ም. እዚሁ ቀጨኔ ተወለዱ። እናታቸው ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ ጭቃውን በእግራቸው እየረገጡ፣ ድስቱን ተሸክመው ገበያ እያደረሱ፣ በዊንጌት ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ሲያርፉ ግን ትምህርቱን ትተው በእህል መጋዘን በመዛኝነት ተቀጠሩ።

በ1975 ዓ.ም. ወይዘሮ ወለተማርያምን በተክሊል አግብተው ሳሌምንና መሳይን ወለዱ። ከዚያም ሸጎሌ ታክሲ መያዣው አጠገብ ሱቅ ከፍተው ሩዝ ይሸጡ ጀመር። ጎረቤታቸው የዘይትና የቴምር ነጋዴው አቶ ኑሪ ነበሩ፤ አቶ ኑሪ ለጁምዓ ሶላት ሲሄዱ አቶ መዝገቡ ሱቃቸውን እየጠበቁ፣ አቶ መዝገቡ ለቅዳሴ ሲቀሩ አቶ ኑሪ በራቸውን እየከፈቱላቸው፣ ሁለቱ እንደ አንድ ቤት ሰው ኖሩ።

በ2004 ዓ.ም. አቶ ኑሪ ልጃቸውን ኡመይማን ሲድሩ የሩዙን ነገር ለአቶ መዝገቡ ተዉላቸው። እሳቸውም ለሠርግ የሚገባው ያማረው ነው ብለው፣ ባስማቲ ከሚባለው ረጅም ፍሬ ሩዝ ሁሉ፣ ፋብሪካ ላይ እንፋሎት ለስለስ አድርጎ ያጠነውን፣ መልኩ የነጣውንና ሽታው የሚያውደውን መርጠው ላኩ። ያ ሩዝ ግን ለቤት ድስት እንጂ በእንጨት እሳት ላይ ብዙ ለሚቆይ ጎላ ድስት የሚሆን አልነበረምና፣ እንግዳ ሳይቀመጥ ተጣብቆ ቀረ። የአቶ ኑሪ ባለቤት ወይዘሮ ሀጂራ ጭልፋቸውን ይዘው ወጥተው፣ «አይ መዝገቡ! ልጅቷ ገና ዛሬ መዳሯ ነው፤ የአራስ ገንፎ ምን አስቸኮለህ?» ቢሉ ሠርገኛው ሁሉ ሳቀ። አቶ መዝገቡም አብረው ሳቁ፤ ቤታቸው ገብተው ግን እህል አልቀመሱም።

ከዚያ ወዲያ ድግስ ያለበት ሰው ሱቃቸውን አልፎ ይሄድ ጀመር። እሳቸውን ያንገበገባቸው ግን የገበያው መቀዝቀዝ ሳይሆን፣ አቶ ኑሪ «እንደምን አደሩ» ብለው ብቻ በራቸውን ከፍተው መግባታቸው ነበር። ወዳጄን አጣሁት እያሉ ጾሙ ከገባ ጀምሮ በጸሎት ሰነበቱ። ጾሙ ሳይፈታም አንድ ቀን ነጩንና እንፋሎት አጥብቆ ያጠነውን ወርቃማውን ሩዝ በሁለት ፌስታል ይዘው ወደ አቶ ኑሪ ቤት ሄዱና ወይዘሮ ሀጂራን አስተምሩኝ አሉ። ወይዘሮ ሀጂራም እሳት አንድደው ሁለቱንም ጎን ለጎን ጣዱ፤ «ይኸው እየው፣ ነጩ ለዓይን ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ቢቆይም አይፈርስም። ሩዙን ከመስጠትህ በፊት እሳቱን ጠይቅ» አሏቸው። አቶ ኑሪ ከሥራ ሲመለሱ ጓደኛቸው ጭስ ዓይናቸውን አቅልቶት እሳት እፍ ሲሉ አገኟቸውና፣ «በቃ፣ ሱቁን ለሀጂራ አስረክባት!» ብለው እጃቸውን ታጥበው አጠገባቸው ተቀመጡ። ወይዘሮ ሀጂራ የጾም ወቅት መሆኑን አውቀው ቅቤ ሳያስነኩ የሠሩትን ሩዝ ሁለቱ ካንድ ትሪ በሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አቶ መዝገቡ የሚበላው ስንት ሰው እንደሆነና በምን እንደሚበስል ሳይጠይቁ ሩዝ ሰጥተው አያውቁም። ወርቃማውን ለደጋሹና ምግቡ ውሎ ለሚያድርበት ምግብ ቤት፣ ቶሎ የሚበስለውን ነጩን ደግሞ ከሰል ለሚቆጥቡት የቀጨኔ እናቶች ያቀርቡ ነበር። ውዱን ካላመጣህ ያላቸውንም ደንበኛ፣ «ለእርስዎ እሳት ይሄ ይበቃል» ብለው ርካሹን ያሸክሙት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የስኳር ሕመም ኩላሊታቸውን ጎድቶት በሆስፒታልም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ሳያጉረመርሙ፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ በዚህ ዓመት በኅዳር ሚካኤል ዕለት ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተማርያም፣ ልጆቻቸው ሳሌምና መሳይ፣ የልጅ ልጆቻቸውም በሐዘን ላይ ናቸው። አቶ መዝገቡ ለእናታቸው አንድ ልጅ ነበሩ፤ ሆኖም ይህ ሲነበብ ወንድማቸው አቶ ኑሪ ተብለው ከቤተሰቡ ጋር እንዲጠሩ፣ አልጋ ላይ ሳሉ አደራ ብለዋልና እነሆ ጠርተናል።

መድኃኔ ዓለም የባሪያውን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ለቀረነውም ሁላችን መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።