በሰኔ የተገዛ ብርድ ልብስ

በሰኔ ወር፣ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ማዕከላዊ ገበያ ቲማቲም ልገዛ ወጥቼ፣ ላቤ ከአንገቴ እስከ ወገቤ እየወረደ ፀሐይዋን ስረግም፣ አቶ ባንቴ ከፊቴ ድቅን አሉ። ትከሻቸው ላይ ባለ አበባ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«አቶ ባንቴ! ምነው፣ ደብረ ብርሃን ሊሄዱ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

አልሳቁም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች አምና ሐምሌ ካረፉ ወዲህ ሰውየው መሳቅ ትተዋል። አባታቸው ለምድር ባቡር ሥራ ወርደው እዚሁ ቀሩ፤ እሳቸውም ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ተወልደው፣ ካርቲየ 3 ሸምግለው፣ ዛሬም «አገሬ ስገባ» እንዳሉ ናቸው።

«ትልቋ ልጄን፣ የምስራችን፣ ማርያም ማረቻት» አሉኝ። «ወንድ ነው።»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!»

«አሜን። ግን ትኩሳት ያዛት። ብርድ ገብቷት ነው። ባሏ ደስታው መኪናውን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ወጥቷል፤ ያለሁት እኔ ነኝ። ደራርቤ አልብሼ ላቧን ላስወጣላት ብዬ ነው ይሄን መግዛቴ።» እጄን ያዙኝ። «መምህር፣ እግዜር ነው ያገናኘን። ታናሺቱን፣ ፅዮናዊትን፣ ይምከሩልኝ። ሂሳብ አያያዝ እንድትማር ዩኒቨርሲቲ ብልካት፣ ዘንድሮ ሳትነግረኝ የአየር ጠባይ ትምህርት፣ የኅብረተሰብ ትምህርት፣ የሶማሌ ተረትና ግጥም ሳይቀር ጨምራ አረፈችው! ምርጫ ነው ይፈቀዳል ትለኛለች። ለመጪው ዓመት ደግሞ ሌላ ልትጨምር ነው። ወይ ሂሳቡን ብቻ፣ ወይ ቤት መቀመጥ ብያታለሁ። ምዝገባው ነገ ነው።»

ጡረታ የወጣ አስተማሪ ምከር ሲባል እግሩ አይያዝም። ቲማቲሙን ትቼ ተከተልኳቸው።

ቤቱ ስንገባ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። የቆርቆሮው ጣሪያ ይጋያል፤ የመስኮቱ ክፍተት በጨርቅ ተወትፏል፤ ማራገቢያው ቫንቲላተር ተነቅሎ ጥግ ቆሟል። የምስራች በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታለች። ፅዮናዊት ሕፃኑን በአንድ እጇ አቅፋ በሌላው እህቷን ውሃ ልታጠጣ ትታገላለች፤ እህቷ ግን ከንፈሯን እንኳ በወጉ አታንቀሳቅስም።

«ልጄ፣» ብዬ ጀመርኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «አባትሽ ስላንቺ ይጨነቃሉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲባል ሰምተሽ ይሆናል።»

«ሰምቻለሁ መምህር» አለች በትሕትና። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚባለውንም ሰምቻለሁ።»

ወይ ጉድ! አርባ ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ ገና በመጀመሪያው ተረት ተረታሁ።

«ይኸው፣ አፏን አዩልኝ!» አሉ አቶ ባንቴ። «እስቲ የአየር ጠባይ ለሂሳብ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? ጅቡቲ ትሞቃለች ለማለት ዩኒቨርሲቲ ያስኬዳል?»

«አባባ፣ ጅቡቲ ትሞቃለች ካሉ፣ የምስራችን ገባት የሚሉት ብርድ ከየት መጣ?»

«ከንፋስ ነዋ! አያቴ ያን ሁሉ ልጅ ስትወልድ በር ተዘግቶላት፣ ጋቢ ተደርቦላት ነው የታረሰችው። አንዲትም ቀን አላተኮሳትም።»

«የት ሆነው ነው የታረሱት?»

«አንኮበር ነዋ!»

«አንኮበርማ ውጭው ቁር ነው። በር መዝጋታቸው ልክ ነበር። እኔ እኮ ድሮ በዚህ ነገር እስቅ ነበር፤ ልማድ ሁሉ ሲጀመር ምክንያት እንዳለው ያየሁት የኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ ነው። እኛ ልማዱን ይዘን ወረድን፤ አገሩን ግን አልጠየቅነውም። የጎረቤታችንን የጃቢርን እናት በዚያችው በተማርኳት ሶማሊኛ አራስ እንዴት እንደሚያስተኙ ጠየቅኳቸው። ንፋስ በሚገባበት በኩል አስተኝተን ውሃ እናጠጣታለን አሉኝ።»

«የሰው አገር ልማድ ቤቴ አታግቢብኝ!»

«እርስዎ የተወለዱበት አገር እኮ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። ብርድ ልብሱን ዘረጉና የምስራች ላይ ደረቡ። ከዚያ ግንባሯን ዳሰሱ። ፊታቸው በራ።

«እሰይ! ላቧ ደረቀ! ተመስገን፣ እየዳነች ነው።»

ፅዮናዊት ሕፃኑን ክንዴ ላይ ጥላ ዘለለች። ብርድ ልብሱንም ጋቢውንም ከእህቷ ላይ ገፈፈች። እንደዚያ ያለ ድንጋጤ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

«መዳን አይደለም አባባ! ገላዋ እየነደደ እኮ ነው! ሰው ሙቀቱን የሚያስወጣው በላብ ነው። በታፈነ ቤት ላቡ ይፈሳል እንጂ አይተንም፣ አያበርድም፤ ውሃዋም ያልቃል። ገላ እየነደደ ላብ ከቆመ ሰውነት እጅ ሰጠ ማለት ነው። የአየር ጠባይ መምህራችን ስለ ከተማችን ሙቀት ሲያስተምሩ ነው የነገሩን።»

አቶ ባንቴ እጃቸውን ዘርግተው እንደቆሙ ቀሩ።

«የአሰገደችም ላብ…» አሉ። «እሷም ላቧ ቆመ። ዳነች ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ማታውን…» ወደ ፅዮናዊት ዞሩ። «ታውቂ ነበር?»

«የተማርኩት እማማ ካረፈች በኋላ ነው» አለች እንባዋ እየወረደ። «ሐኪም አላያትም፤ ሌላም በሽታ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ሳልሆን እንዴት ብዬ ልንገርዎት? አሁን ግን ጃቢርን ይጥሩልኝ፤ ታክሲው በር ላይ ናት።»

ሽማግሌው ወደ በሩ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ሄዱ። የተወተፈውን ጨርቅ በሁለት እጃቸው መዘው አወጡት። የወይዘሮ አሰገደች ነጠላ ነበር። አምና ንፋስ እንዳይመታቸው ብለው የወተፉት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። በሩ ሥር ካለው የውሃ ባልዲ ነክረው የልጃቸው አንገትና ደረት ላይ ጣሉት። ከዚያ በኋላ ነው «ጃቢር!» ብለው የጮኹት፤ ጩኸታቸው እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

በጃቢር ታክሲ ሐኪም ቤት አደረስናት፤ የምስራች ተረፈች። ሐኪሙ ትኩሳቱ ከወሊድ የመጣ መመርቀዝ ነው፣ መድኃኒት አለው፣ ሊገድላት የነበረው ግን የቤቱ ሙቀትና የውሃ ጥም ነው አለን። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ብሎ ቀሪውን ዋጠው።

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ አቶ ባንቴ አጠገቤ ተቀመጡ።

«መምህር፣ ያልነገርኩዎት ነገር አለ» አሉ። «አምናም፣ አሰገደች በሕይወት ሳለች፣ ይህንኑ የአየር ጠባይ ትምህርት ልምረጥ ብላኝ ነበር። ምን ይበጅሻል ብዬ ያስተውኳት እኔ ነኝ። እሷ ረስታው አይደለም፤ አዝናልኝ ነው ያላነሳችው።»

እኔ ምክር አያልቅብኝም ነበር። ያን ቀን ግን ትከሻቸውን ብቻ ያዝኩ።

በማግሥቱ ፅዮናዊትን ራሳቸው ይዘዋት ሄዱ። «ሂሳቡን ተማሪ፣ እንጀራሽ ነው» አሏት መንገድ ላይ። «ሌላውንም ግን አትተዪ። በሽታ ሲመጣ የሂሳብ ሠራተኛ ቤት ነው ብሎ አያልፍም። ምን ዓይነት ዕውቀት የትኛው ቀን እንደሚያስፈልግ እኔ አላውቅም፤ አላውቅም ማለትን ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ።»

ዛሬ ካርቲየ 3ም ካርቲየ 6ም የእኛ ሰው ወለደች ሲባል፣ አቶ ባንቴ ይሄዳሉ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ይሉና ከመቀመጣቸው በፊት መስኮቱን ያያሉ፤ ተዘግቶ ከሆነ ይከፍታሉ፣ ውሃ ያስቀርባሉ፣ ትኩሳት ካለ ሐኪም ቤት ካልሄደች አልነሳም ብለው ይቀመጣሉ። አንዳንዷ አሮጊት ስታጉረመርም «ብርዱ አንኮበር ቀርቷል እመቤቴ» ይሏታል። በዚህ ስንት እናት እፎይ እንዳለች ሰፈሩ ያውቃል።

እሳቸው ግን እፎይ አላሉም። ፅዮናዊት ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ጠብቀው «ዛሬስ ምን ተማርሽ?» ይሏታል፤ ከጎናቸው ሆኜ አይቻቸዋለሁ። እስክትመልስላቸው ድረስ ጉልበታቸውን አጥብቀው ይይዛሉ። አሰገደችን ሊያድን ይችል የነበረ ሌላ ነገር እንዳትነግራቸው ይፈራሉ፤ ሳይጠይቁ ግን አያድሩም።