የጋሽ ፍሬን ትልቁ ተቀናሽ

ከሥራ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ለወራት ተሸፍና የከረመችው መኪና ሸራ ተገልጦ አገኘሁት። የግቢያችን አዛውንት፣ ጡረታ የወጡት የመንጃ ትምህርት አስተማሪ፣ በቆመች መኪናቸው ውስጥ ቀበቶ አስረው ተቀምጠዋል። ሞተሩ አልተነሳም፤ እጃቸው ብቻ መሪው ላይ ነው። እንዳላየሁ ሆኜ ልለፍ ብዬ ነበር፤ ዳሩ ግን በሰው ጉዳይ ጥልቅ ማለት አመሌ ነውና መስታወቱን አንኳኳሁ።

ተማሪዎቻቸው ጋሽ ፍሬን ይሏቸው ነበር፤ እኛም ተቀበልነው። ሚስታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። እኔ መድን ድርጅት የምሠራ፣ ከእርሳቸው ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። በሳምንት ሦስት ቃል ብንለዋወጥ ነው።

ለሰው ሁሉ መኪናዋ ተበላሽታለች ሲሉ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ያን ቀን ግን ከጎናቸው አስቀምጠው እውነቱን ነገሩኝ። በእኛው ድርጅት የመድን ውላቸውን ሲያድሱ በየዓመቱ የሚከፍሉት ዓረቦን እንዲቀንስላቸው ከሁሉ ትልቁን ተቀናሽ መረጡ፤ ይኸውም ጉዳት ሲደርስ ድርጅቱ ከመክፈሉ በፊት ባለመኪናው ከኪሱ የሚሸፍናት ድርሻ ናት። ከዚያ አንድ ቀን ከግቢ ሲወጡ የበሩን ምሰሶ ገጩ። ባትላሜራና ቀለም የሁለት ወር ጡረታቸውን በላው። ያም ሆኖ ወጪው ከተቀናሹ ስላላለፈ ድርጅቱ ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም። ቢደገምስ ብለው ፈሩና መኪናዋን ሸራ አልብሰው አቆሟት።

ከከተማው ጫፍ፣ አውቶቡስ በማይደርስበት ሰፈር፣ ጉልበቷን የሚያማት ታላቅ እህት አለቻቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዱላት ነበር።

«ትናንት እታለም ደወለችልኝ፤ ‹በምን አስቀየምኩህ?› አለችኝ» አሉ። «ምን ብዬ ልመልስላት?»

የውላቸው ዓመት ሊያልቅ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ተቀናሹን ዝቅ ያድርጉት አልኳቸው። እንደዚያ ይቆጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም።

«ልጄ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሳስተምር ኖሬያለሁ። ተቀናሽ ማሳነስ እጋጫለሁ ብሎ መፈረም ነው። ጥንቁቅ ሰው ለምን የዝርክርኩን ፍርሃት ይክፈል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ሲያስተምሩ በእርስዎ እግር በኩል ሁለተኛ ፍሬን ያስገጠሙት ተማሪውን ንቀው ነበር?»

«ምን ንቀት አለው? ሰው ነዋ፤ ይሳሳታል።»

«እርስዎስ?»

ነገሩ ሳይበዛባቸው አልቀረም፣ ቀበቶአቸውን ፈቱ። ቀጥለው እንግዲያው ጭራሽ ተቀናሽ የሌለውን ልውሰዳ አሉ፤ ሰው ከአንዱ ጠርዝ ሲለቅ ወደ ሌላው መሮጥ ይወዳል። እሱም አያዋጣም አልኳቸው፤ ለእያንዳንዷ ጭረት ድርጅቱ እንዲከፍል የፈለገ ዓመት በመጣ ቁጥር ውድ ዓረቦን ይገፈግፋል። የተጠራቀመ ገንዘብ ያለው ሰው ትልቁን ቢመርጥ ብልህ ነው፤ በጡረታ የሚኖር ግን የራሱን አቅም ይመልከት።

«ልኩ ምንድን ነው ታዲያ?» አሉኝ።

«በክፉ ወርዎ፣ ማንንም ሳይለምኑ፣ ከኪስዎ ሊያወጧት የሚችሏት ገንዘብ ናት። ከዚያ በላይ ያለውን ድርጅቱ ይሸከም። ዓረቦኑ ትንሽ ይጨምራል፤ ግን መኪናዋ በርካሽ ዓረቦን ሸራ ለብሳ ከምትቆም ይሻላል።»

ሳቁ፤ ሲስቁ የሰማሁት የመጀመሪያዬ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እኔ ነኝ» አሉ።

እኛም የመድን ሠራተኞች ከደሙ ንጹህ አይደለንም። «እዚህ ጋ ይፈርሙ» እንላለን እንጂ «ነገ ቢገጩ ይችሉታል?» ብለን አንጠይቅም። ተቀናሹን በአቅሙ ልክ የመረጠ ሰው አደጋ ቢደርስበት አይበደርም፤ ባይደርስበትም በስጋት ቤቱ አይቀመጥም። መኪናውም እግር ትሆነዋለች፣ ወደ ወገኑ ታደርሰዋለች። ጋሽ ፍሬን ይህን ተቀብለው በማግስቱ ቢሮዬ መጡና መካከለኛውን ፈረሙ። ቅዳሜ ጠዋት ሞተር ሲያስነሱ ሰማሁ፤ በቀጣዩም ሳምንት እንዲሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። እርሳቸው ናቸው። በእህታቸው በር ላይ ወደ ኋላ ሲመልሱ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጭተው የመኪናዋ የኋላ በር ገብቷል፣ መብራቷም ረግፏል። በቃ፣ ዳግመኛ ሸራ ሊያለብሷት ነው ብዬ ፈራሁ።

«የእኔ ድርሻ ተቀምጣለች፤ ሰኞ ቅጹን መጥቼ እሞላለሁ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እፈርማለሁ። እታለም ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ? ‹እንኳንም ገጨኸው፤ እስክትጠገን እዚሁ ታድራለህ።›»

ከኋላ የእህታቸው ሳቅ ይሰማ ነበር። ስልኩን ዘግቼ በመስኮት መኪናዋ ትቆምበት የነበረውን ባዶ ቦታ አየሁ። ለእርሳቸው ደስ አለኝ፤ ለራሴ ግን ያን ቀን ግቢው ጭር አለብኝ።