የቀማሹ ባልዲ

(ጌዴኦ ውስጥ፣ በቤተሰብ የቡና እርሻ። አቶ ጅግሶና ልጃቸው ዝናሽ ቀይ ቡና ከተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ ወዲህና ወዲያ ቆመው ፍሬውን እያገላበጡ ይጨቃጨቃሉ።)

አቶ ጅግሶ፦ አይሆንም ብያለሁ! ያ ሰውዬ ሁለተኛ ደጄን አይረግጥም።

ዝናሽ፦ አባዬ፣ ሰውዬው ቡና ቀማሽ ነው። ቀምሶ መትፋት ሥራው ነው።

አቶ ጅግሶ፦ ሥራው ከሆነ ቤቱ ይትፋ! አምና የናትሽን ቡና በማንኪያ ፉርርር አድርጎ ሳበና ባልዲ ውስጥ እንትፍ! ያውም ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ።

ዝናሽ፦ ቀኑን ሙሉ ሲቀምስ ነው የሚውለው። ሁሉን ቢውጥ እንቅልፍ የሚባል አይኖረውም።

አቶ ጅግሶ፦ እኔ ዕድሜ ልኬን ስውጥ መች እንቅልፍ አጣሁ?

ዝናሽ፦ አንተማ መች አጣህ። ስታንኮራፋ ያጣነው እኛ ነን።

አቶ ጅግሶ፦ ነገር አታዙሪ። እጅሽ ስር የበሰበሰ ፍሬ አለ፣ ልቀሚው።

ዝናሽ፦ ለቀምኩት። ሰውዬው ካልመሰከረለት እኮ የላይኛው ማሳ ቡና በስሙ አይሸጥም። ከሰው ሁሉ ቡና ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

አቶ ጅግሶ፦ አይደባለቅም። ነቅዬ ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ። ችግኙንም ገዝቻለሁ።

ዝናሽ፦ እማዬ በእጇ የተከለችውን?

አቶ ጅግሶ፦ ባሕር ዛፍን ማንም አፉ ከቶ አይተፋውም!

ዝናሽ፦ አባዬ...

አቶ ጅግሶ፦ አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ነፍሷን ይማረውና፣ አንቺን አዝላ ነው ያንን ዳገት የቆፈረችው። ሰውዬው ሲተፋው እሷን የተፋ ነው የመሰለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዝናሽ፦ እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቆጣ። ትናንት ለቅሶ ስትሄድ መጥቶ ነበር።

አቶ ጅግሶ፦ ማን አባቱ አስገባው?

ዝናሽ፦ እኔ።

አቶ ጅግሶ፦ ጉድ ፈላ! ...ተፋው?

ዝናሽ፦ ምን አስጠየቀህ? ደጄን አይረግጥም ስትል አልነበር?

አቶ ጅግሶ፦ ተፋው ወይ ነው የምልሽ!

ዝናሽ፦ የታችኛውን ማሳ ተፋው። የጓሮውንም ተፋው። የእማዬን ግን ዋጠው።

አቶ ጅግሶ፦ ዋጠው? ...ቆይ ቆይ። ባልዲው የት ነበር?

ዝናሽ፦ ...ከቀሚሴ ኋላ።

አቶ ጅግሶ፦ አንቺ ቀጣፊ! ደብቀሽበት ነዋ!

ዝናሽ፦ የመጀመሪያዋን ማንኪያ አዎ፣ መትፊያ አጥቶ ነው የዋጣት። ከዚያ በኋላ ግን ማንኪያውን አስቀምጦ ሲኒውን እንዳለ ያነሳው ራሱ ነው። ጨለጠው፣ አባዬ! ነገ ጠዋት ከአለቃው ጋር ተመልሶ ይመጣል። የቀረው ያንተ እሺታ ብቻ ነው።

አቶ ጅግሶ፦ ጨለጠው?

ዝናሽ፦ እስከ አተላው።

አቶ ጅግሶ፦ በይ ችግኙን ለሻጩ መልሺለት። ባልዲውን ግን ነገ እኔ ነኝ የምደብቀው።